በበሩ በኩል ያለው ወንበር

እራት ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ሽማግሌው ይነሳሉ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረግ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፍ ያደርጉና ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፣ ጉልበታቸውን እያባበሉ ብድግ ይላሉ። ገበታውን ሳይመርቁ ግን አይሄዱም።

"እግዜር ይስጥልኝ። ቤታችሁን ይባርክ፣ ጓዳችሁን ይሙላው። እንግዲህ ልሂድ፤ ቤት ይጠብቁኛል።"

"አባባ፣ ቤትዎ እኮ ነው" ትላቸዋለች ልጃቸው።

"እሱማ እንደ ቤቴ ነው ያስተናገድሽኝ፣ የኔ እመቤት። የወለዱሽ ይባረኩ።"

የወለዷት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ማን ይንገራቸው? ቢነገራቸውም በጨዋ ደንብ ፈገግ ይሉና ባርኔጣቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ልመና ነው። አማቻቸው በሩ ላይ ይቆማል፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ "ለዛሬ እዚህ ይደሩ፣ ነገ እንሸኝዎታለን" ትላለች፤ እሳቸውም ሰው ላለማስቀየም ያህል ያድራሉ። አባቷን በገዛ ቤቷ በየማታው ለምና ማሳደሯ ልጅቱን አንጀቷን በላት።

ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው። ልጃቸው መሆኗን ያውቃሉ፤ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆመው "ይሄ መጋረጃ ወደ ግራ አዘነበለ" እያሉ ይነተርኳታል። መርሳቱ የሚመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሐኪሙም ይህ በሽታ ወደ ማታ እንደሚብስ ነግሯታል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ለበሽታው ሰጠችው። በሽታ ደግሞ ምን ቸገረው፣ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

ሽማግሌው በዘመናቸው በር ሠሪ ነበሩ። አናጢ ብሎ የጠራቸው ሰው ሳይታረም አይለቀቅም። "አናጢነቱ ለጌታ ይሁን፣ እኔ በር ብቻ ነው የምሠራው" ይላሉ። በገዛ ቤታቸው የሚጮህ በር ጮሆ አያድርም ነበር። በሰው ቤት በር ላይ ግን ሳይጠየቁ እጃቸውን አያሳርፉም፤ የሰው በር እንደ ሰው ጓዳ ነው ባይ ናቸው። የልጃቸው በር በተከፈተ ቁጥር እንደ ተረገጠ ድመት ይጮሃል፤ እሳቸው ግን ከመጡ ጀምሮ ዞር ብለው አላዩትም። ሙያቸውንም ረሱ ማለት ነው ብላ ልጃቸው በዚህም አዘነች።

እናትየው ሲያርፉ፣ ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የኖሩበት የኪራይ ቤት ለባለቤቱ ተመለሰ፤ መጋረጃ ሰፊዋ ልጃቸውም አባቷን ወደ አፓርታማዋ አመጣች። ያላትን ሁሉ ሰጠቻቸው። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ትንሹን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ከደንበኛ የተራረፈ ሳይሆን አዲስ ጨርቅ ቀድዳ መጋረጃ ሰቀለችላቸው። እዚያ ክፍል የነበረው ስፌት መኪና ወደ ሳሎን ወጣ፤ ሳሎኑም ጠበበ። በአንድ ወገን መኪናው፣ በሌላው ወገን የጨርቅ ጥቅል፣ መሃል ላይ ጠረጴዛና አራት ወንበር። ከአራቱ በአንደኛው ላይ ያልተሰፋ መጋረጃ ተከምሮ ይውላል፣ ያድራል። በግድግዳው በኩል ባሉት ሁለቱ ላይ ለመቀመጥ ትንፋሽ ውጦ ሆድ መሳብ ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚቀመጡት እሷና ባሏ ናቸው። በበሩ በኩል ያለውን፣ እግር የሚያዘረጋውን ወንበር ለአባቷ ሰጠች፤ ለጉልበታቸው አስባ ትራስም ሰፋችለት። አንባቢ ይህን ወንበር ልብ ይበልልኝ። በፍቅር የተሰጠ ነው።

ከታችኛው ፎቅ ደግሞ አንዲት ጡረተኛ መምህርት አሉ። ስፌት መኪናው በጮኸ ቁጥር ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እጀታ ይደበድባሉ። ባልና ሚስቱ "ባለመጥረጊያዋ" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ደረጃ ላይ ሲገናኙ የሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ከንፈር አያላቅቅም፤ ሆድና ጀርባ ሆነዋል።

ነገሩ ከልመና ያለፈው አንድ ዝናባማ ማታ ነው። ባልየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት ተረኛ ነበር። እሷ ሆቴል ያዘዛትን መጋረጃ ለማድረስ መኪናው ላይ ተደፍታ ትሰፋለች። ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው፤ በሩም ክፍት። ጃንጥላም ሳትይዝ ሰፈሩን ስታስስ ቆየች፤ በመጨረሻ የባሏ ባልደረቦች ደወሉ። ሽማግሌው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ናቸው። ውሃ እየተንጠባጠበባቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ "ይቅርታ ልጄ፣ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?" እያሉ በትሕትና ይጠይቁ ነበር።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ መጣ። ወንድምየው ፋርማሲስት ነው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ነገርን ሁሉ እንደ ኪኒን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው። ክፉ ግን አይደለም።

"መጦሪያው ቦታ ተገኝቷል" አላት። "ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ጸሎት ቤትም አለው። ቅዳሜ ጠዋት ወስጄ አስገባቸዋለሁ።"

"ጋሼ፣ እዚህ ምን ጎደለባቸው?"

"ጎደለባቸው አልወጣኝም። ግን አንቺ እየሰፋሽ፣ ባልሽ እየነዳ፣ ማን ይጠብቃቸው? በር ልትቆልፊባቸው ነው? በበር ሠሪ ላይ በር ይቆለፋል?"

መልስ አጣች። መልስ ሲያጡ ደግሞ ቀን መለመን ነው። "እስከ ቅዳሜ ተወኝ" አለችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ጠርታ አባቷን ወደ ድሮ ቤታቸው ወሰደቻቸው። ቤቱን አንዴ ቢያዩት ናፍቆቱ ይወጣላቸዋል ብላ ነው። አዲሶቹ ተከራዮች ደግ ሰዎች ሆነው አስገቧቸው። ሽማግሌው በእጃቸው የሠሩትን በር ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ "ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ። ልጅቱ ተስፋ አደረገች። ከዚያ ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩና ሴትየዋን፣ "እንግዳ ሲመጣ የት ነው የምታስቀምጡት?" ብለው ጠየቁ።

"ሶፋው አለ፣ አባቴ። ባገኘው ይቀመጣል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "መልካም ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤቴ ይሄ አይደለም" አሏት ታክሲው ውስጥ። "አንቺም ደከመሽ። እዚህ ጋ አውርጂኝና በእግሬ ልፈልገው።"

ያን ማታ ልጅቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እጇን ውሃ ውስጥ እንደነከረች፣ የሚታጠበውን ድስት ትታ ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ ቤት ሰጠኋቸው፤ ቤት አልሆናቸውም። ምን እንደጎደለ አሳየኝ። ካላሳየኸኝም እንኳ ቅዳሜን የምችልበት አቅም ስጠኝ።" ጸሎቷ ይኸው ነበር። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ዓርብ ማታ ወንድምየው የአባቱን ልብስ ለማዘጋጀት ከሥራ ቀጥታ መጣ፤ እራትም ቀረበ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጠባብ ቦታ አንዴ አየው፣ ሆዱንም አየው፤ መልሱ ግልጽ ስለነበር በበሩ በኩል ያለው ወንበር ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ዘፍ አለ። ተነሥ ማለት ነውር ሆነ። ሹፌሩ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጎ አማቱን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባቸውና እሱ የስፌት መኪናዋን በርጩማ ሳበ።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ለግድግዳው፣ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዳቦውን ወሰዱ፤ ባረኩትና ቆርሰው ለየሰዉ አደሉ። እዚህ ቤት ከመጡ ጀምሮ ዳቦ ቆርሰው አያውቁም፤ የተሰጣቸውን ብቻ ነበር የሚበሉት። ባልና ሚስት ተያዩ።

እራት አለቀ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ "እንግዲህ ልሂድ" የሚለውን ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ኮታቸውን ፈታ አድርገው ልጃቸውን ፋርማሲስቱን በርኅራኄ ተመለከቱት።

"ምነው፣ አልበላህም እኮ። ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ?"

"አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

"እሱስ አንተ ነህ። ግን መሽቷል፣ መንገዱም ሩቅ ይሆናል። እዚሁ እደር።" ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። "ልጄ፣ ለእንግዳው አልጋ አንጥፊለት።"

"ልጄ" አሏት። ፀሐይ ከገባች በኋላ "ልጄ" ብለዋት አያውቁም።

ፋርማሲስቱ የአባቱን አልጋ ሊያስለቅቅ መጥቶ አባቱ አልጋ አስነጠፉለት። ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ፤ ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር። እህቱ በዚህ ጊዜ እሱን አላየችም። ያየችው የተቀመጠበትን ወንበር ነው።

በወላጆቿ ቤት በበሩ በኩል አንድ ወንበር ነበረ። የቤት ሰው አይቀመጥበትም። የእግዜር እንግዳ ወንበር ነው፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ወንበሩ ግን ይጠብቃል። አባቷ ነገሩን ሲያስረዱ፣ "ጌታችን ወደ ዓለም ሲመጣ ማደሪያ ፈልጎ 'ቦታ የለም' ተብሏል። በኔ ቤት ይህ ቃል ለማንም አይነገርም" ይሉ ነበር። ወንበሩ ባዶ ያመሸ እንደሆነ እናቷ ብድግ ብላ ከሰፈር ብቻውን የሚበላ ሰው ፈልጋ ታመጣለች። አንድ ጊዜ፣ ሕፃን ሳለች፣ አኩርፋ ሄዳ ያ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አባቷ አልተቆጡም። እራቱ እስኪያልቅ "የኔ እመቤት፣ ሾርባ ይጨመርልሽ?" ሲሏት አመሹ። በመጨረሻም በሩን ከፍተው "ቤተሰብ ሰላም በይልኝ" ብለው ሸኟት። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ያኔ አባቷ እየሳቁ አቅፈው አስገቧት።

እነሆ እሷም አባቷን ስንት ማታ በበሩ በኩል ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ የኔ እመቤት ብለው መርቀዋት ሲነሱ ግራ ይገባት ነበር። ሽማግሌው እንግዳ ነኝ ብለው አምነዋል። ጨዋ እንግዳ ደግሞ በልቶ፣ መርቆ፣ ሳይመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስማቸውን እንኳ በሚስቱበት ሰዓት ይህን ደንብ አልሳቱም።

ወጥ ቤት ውስጥ ለወንድሟ ስትነግረው እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

"አጋጣሚ ይሆናል" አለ ወንድምየው። ድምፁ ግን እንደ ፋርማሲስት አልነበረም። "ለመጦሪያው ደውዬ እስከ እሑድ አስቆየዋለሁ። ነገ ማታ መጥቼ አያለሁ።" ያን ሌሊት ግን የአባቱን ቃል አክብሮ በተነጠፈለት አልጋ አደረ።

ቅዳሜ ማታ የመጋረጃው ክምር ከወንበሩ ተነሳ፤ ሹፌሩ ተቀመጠበት። ሽማግሌው በግድግዳው በኩል፣ ልጃቸው አጠገባቸው፣ ወንድምየው እየተቁነጠነጠ በርጩማው ላይ ሆኑ። በበሩ በኩል ያለው ወንበር ትራሱን እንደያዘ ባዶ ተተወ።

ሽማግሌው ዳቦውን አነሱና ቆም አሉ። ወንበሩን አዩ፤ በሩን አዩ። "ማን ቀረ?"

"ማንም አልቀረም፣ አባባ። የእግዜር እንግዳ ወንበር ነው።"

"እኮ፣ እንግዳው የት አለ?"

ይህን አላሰበችበትም። ወንበር ባዶ መተው ቀላል ነው፤ ቦታ ብቻ ነው የሚፈጀው። ሽማግሌው ዳቦውን መልሰው አስቀመጡት። ሾርባው መቀዝቀዝ ጀመረ፤ የፋርማሲስቱም ፊት አብሮት። ልጅቱ ጭንቀቷን ለመሸሸግ ወንበሯን ወደ ኋላ ስትጎትተው ወለሉ ተንቋረረ።

ወዲያው ከታች ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ባለመጥረጊያዋ ናቸው።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። "ሰው ያንኳኳል እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ፣ ክፈቱ እንጂ።"

ሹፌሩ ሳቁን በሾርባ ማንኪያ ደበቀው። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ወለሉን እያየች ቆየች። ብቻውን የሚበላ ሰው ፍለጋ እናቷ ሰፈር ዞራለች፤ እሷ እግሯ ሥር ያለውን ስንት ዘመን ሙሉ በስፌት መኪና ስትረግጠው ኖራለች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ የሁለቱ ጎረቤቶች ጠብም ለዚህ ማታ ሳይደገስለት አልቀረም። ተነሥታ ደረጃውን ወረደች።

መምህርቷ በሩን የከፈቱት መጥረጊያቸውን እንደያዙ ነው። "ዛሬ ደግሞ ወንበር ነው የምትሰፉት?" አሏት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ስለ ወንበሩም፣ ስለ መኪናውም። አባቴ በራችንን ያንኳኩ መስሏቸው፣ ይግቡ ብለዋል።"

"ማን? እኔ?"

"እርስዎ ካልመጡ ዳቦ አልቆርስም ብለዋል።"

መምህርቷ መጥረጊያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔ በልቻለሁ" አሉ። ከኋላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ሳህን በሌላ ሳህን እንደተከደነ ነው፤ አጠገቡ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ። ልጅቱም እንዳላየች ሆነች።

"እንግዲያው ለሻይ ይምጡልን። የእርስዎ ወንበር ይጠብቃል።"

ሴትየዋ ሻርፓቸውን ከመስቀያው አነሱ። ከድንጋጤ ብዛት መጥረጊያውን ማስቀመጥ ረስተው፣ እሱኑ እንደ ምርኩዝ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሹፌሩ በሩ ላይ በአክብሮት ተቀብሏቸው፣ መጥረጊያውን እንደ እንግዳ ካፖርት ወስዶ ጥግ አስደገፈላቸው።

"ደህና መጡ፣ ይግቡ፣ ይግቡ" አሉ ሽማግሌው ከወንበራቸው ከፍ እያሉ። "ቤት ለእንግዳ።"

ዳቦው ተቆረሰ። በልቻለሁ ያሉት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ሾርባ አስጨመሩ። ለካ ተጫዋች ኖረዋል፤ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ስላመጣባቸው መከራ ሲያወሩ ፋርማሲስቱ በሳቅ ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ስፌቱ ወደ ጠዋት፣ የሴትየዋ እንቅልፍ ወደ ከሰዓት እንዲሆን በዚያው ገበታ ላይ ተስማሙ። አፍ ከፍቶ መነጋገር ቢቻል ኖሮ እዚህ ስምምነት ላይ ድሮ በደረሱ ነበር።

መምህርቷ መርቀው ሲወጡ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሸኟቸው፣ ቤተሰብ ሰላም ይበሉልኝ ብለው። ልጅቱ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ደፍራ ጠየቀች፤ ወንድሟም እንዲሰማ ነው።

"አባባ፣ ቤት አይሄዱም?"

ሽማግሌው እንደ ሞኝ ልጅ አዩዋት። "ቤቴ ተቀምጬ?" ከዚያ ትንሽ አሰቡና እጇን ያዙ። "የምሄድበትስ አለኝ። አባቴ ሲጠራኝ እሄዳለሁ፤ እዚያም ወንበር ይዞልኛል፣ ቦታ የለም አይለኝም። እስከዚያው ግን እኛም የመጣውን እንቀበል፣ ልጄ።"

ፋርማሲስቱ ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። በተዘጋው በር በኩል ስልክ ሲያወራ ተሰማ። "አዎ፣ ቦታውን ለሚያስፈልገው ሰው ስጡልኝ" አለ። ተመልሶ ሲመጣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ እሱ እንደሚመጣ ተናገረ። "በርጩማው ግን ይቀየርልኝ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ማታው ሁሉ ሠመረ ብዬ አልዋሽም። አባባ ባርኔጣቸውን የሚፈልጉበት ማታ ዛሬም አለ። የመምህርቷም መጥረጊያ እዚያው ጥግ እንደቆመ ቀረ፤ ይዤው ልውረድ ይላሉ፣ ሲወርዱ ይረሱታል።

የእሑዱን ጠዋት ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ልጅቱ ለቤተ ክርስቲያን ልትለብስ ስትነሣ የመግቢያው በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለች። ድምፅ ግን የለውም። ሽማግሌው በሹራብ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የስፌት መኪናዋን የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ማጠፊያው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ቆርቆሮው ባዶ ነው።

"አባባ፣ የመኪናዬን ዘይት ጨረሱብኝ እኮ" አለች።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ በሩን አንዴ ደግመው ገፋ አደረጉት።

"ታዲያ የገዛ በሬ ሲጮህ ዝም ልበል?"